ከማዳጋስካር ደኖች የጠፋው ግዙፍ ሌሙር፡ አኗኗሩና የመጥፋቱ መንስኤ

ከአፍሪካ አህጉር በስተደቡብ ምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው ማዳጋስካር በሌላው የዓለም ክፍል የማይገኙ በርካታ እንስሳትና ዕፅዋት መኖሪያ በመሆን ትታወቃለች። ከእነዚህ መካከል የደሴቲቱ መለያ እስከመሆን የደረሱት ሌሙር በመባል የሚጠሩት የዛፍ ላይ እንስሳት ናቸው።

በአሁኑ ወቅት በደሴቲቱ ከ100 በላይ የሌሙር ዝርያዎች እንደሚገኙ ጥናቶች ያመለክታሉ። ከሁሉም አነስተኛ የሆነው ዝርያ 30 ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን ሲሆን፣ በትልቅነቱ የሚታወቀው ኢንድሪ ደግሞ ክብደቱ ከ10 ኪሎ ግራም አይበልጥም።

ይሁንና ይህ መጠን ሁልጊዜ የነበረ አይደለም። ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት ድረስ በእነዚሁ ደኖች ውስጥ የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ያላቸው፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በእጅጉ የሚበልጡ ሌሙሮች ይኖሩ ነበር። ተመራማሪዎች እስካሁን ቢያንስ 17 የሚሆኑ የጠፉ ግዙፍ ዝርያዎችን የለዩ ሲሆን፣ አርኬኦኢንድሪስ የተባለው ትልቁ ዝርያ እስከ 160 ኪሎ ግራም ወይም ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ይመዝን እንደነበር ገምተዋል። ይህም ከጎሪላ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነው።

ከእነዚህ ግዙፍ እንስሳት መካከል አኗኗሩ በተሻለ ሁኔታ የታወቀው ሜጋላዳፒስ ነው። አጥንቱ፣ ጥርሱ፣ በቅርቡ ደግሞ ዘረ መሉ ሳይቀር የተመረመረው ይህ እንስሳ ምን ይበላ፣ እንዴት ይንቀሳቀስና እንዴት ይራባ እንደነበር ማወቅ ተችሏል። ለመጥፋቱ ምክንያት የሆነው ሂደትም በዚሁ አኗኗሩ ውስጥ ይገኛል።

የሌሙር አመጣጥ

ሌሙር ሳይንቲስቶች ፕራይሜት ብለው በሚጠሩት፣ ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጉሬዛና የሰው ልጅም በሚመደቡበት ታላቅ የእንስሳት ወገን ውስጥ የሚካተት ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ አገሮች የሚገኙት ጋላጎ የተባሉት በሌሊት የሚንቀሳቀሱ ትናንሽ እንስሳት የሌሙር የሩቅ ዘመዶች ናቸው።

ማዳጋስካር ከአፍሪካ የተለየችው ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው የሞዛምቢክ የባሕር ወሽመጥ በጠባቡ ሥፍራ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የሌሙር ቅድመ አያቶች ወደ ደሴቲቱ የደረሱት ከዚህ መለያየት በኋላ በነበረው ረጅም ዘመን በጎርፍ ተነቅለው በባሕር ላይ በሚንሳፈፉ ዛፎችና የዕፅዋት ክምር ተጭነው ሳይሆን እንደማይቀር አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይስማማሉ።

በደሴቲቱ ጦጣም ሆነ ዝንጀሮ አልነበረም። ከትልልቅ ሣር በልና ቅጠል በል እንስሳት መካከልም በአፍሪካ የሚታወቁት አጋዘን፣ ሚዳቋና ዝሆን አልደረሱባትም። በመሆኑም ሌሙሮች በሌላ አገር በሌሎች እንስሳት የሚያዙትን የኑሮ ዘርፎች ሁሉ ለመያዝ ቻሉ። አንዳንዶቹ ፍራፍሬ፣ አንዳንዶቹ ቅጠል፣ ሌሎቹ ደግሞ ጠንካራ ፍሬና ነፍሳት እየተመገቡ፣ ከጥቂት ግራም እስከ አንድ ኩንታል ተኩል በሚደርስ መጠን በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ተለያዩ።

አጥንቱ የሚናገረው

ሜጋላዳፒስ ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ በ1894 ቻርልስ ኢማኑኤል ፎርሳይት ሜጀር የተባሉት ተመራማሪ ከደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር የተገኘውን የራስ ቅል መሠረት አድርገው ባወጡት ጽሑፍ ነው። እስካሁን ሦስት ዝርያዎቹ የታወቁ ሲሆን፣ ትልቁ ሜጋላዳፒስ ኤድዋርድሲ 85 ኪሎ ግራም፣ አነስተኛው ሜጋላዳፒስ ማዳጋስካሪየንሲስ ደግሞ 46 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን እንደነበር ይገመታል። ሦስተኛው ዝርያ በደሴቲቱ ማዕከላዊ ከፍተኛ ሥፍራ ይኖር ነበር።

የእነዚህ እንስሳት ቅሪት የተገኘው በረግረግ ሥፍራዎች፣ በዋሻዎችና በጥልቅ የድንጋይ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። የዘመኑ ቅርበት ከፍተኛ በመሆኑ አጥንቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ድንጋይነት አልተለወጡም። በመሆኑም ዕድሜያቸውን በካርቦን የመለኪያ ዘዴ ማወቅና ከአንዳንዶቹም ዘረ መል ማውጣት ተችሏል። እ.ኤ.አ በ2014 በደቡብ ምዕራብ በሚገኘው የጺማናምፔጾጻ ብሔራዊ ፓርክ በውኃ የተሞላ ዋሻ ውስጥ የገቡ ጠላቂዎች በርካታ የግዙፍ ሌሙርና የሌሎች እንስሳት አጥንቶችን ማግኘታቸው የዚህ ዓይነቱ ሥፍራ ምን ያህል ሀብት እንደያዘ አሳይቷል።

አጥንቶቹን በትክክል ማንበብ ግን ጊዜ የወሰደ ሥራ ነበር። ከቁፋሮ የሚወጡት አጥንቶች የተቀላቀሉ በመሆናቸው የአንዱ እንስሳ እጅ ለሌላው እየተሰጠ ስሕተት ይፈጠር ነበር። ለአብነትም ጊዮም ግራንዲዲዬ እ.ኤ.አ በ1901 የመረመሩት አጥንት ስሎዝ የሚባለው በአሜሪካ ደኖች ተገልብጦ የሚንጠለጠል እንስሳ ዘመድ ነው በሚል የተለየ ስም ተሰጥቶት ነበር። አጥንቱ ፓሌዮፕሮፒቴከስ የተባለው ሌላው ግዙፍ ሌሙር መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። ከቀድሞዎቹ ተመራማሪዎች መካከል ከእነዚህ እንስሳት አንዳንዶቹ በውኃ ውስጥ የሚዋኙ ነበሩ ብለው ያመኑም ነበሩ።

ዛሬ ስለ ሜጋላዳፒስ የተደረሰበት ግንዛቤ ከዚህ የተለየ ነው። እንስሳው ክንዶቹ ከእግሮቹ የረዘሙ፣ እጆቹና እግሮቹም ረጃጅምና ቆልማማ ጣቶች ያሏቸው ነበሩ። የእግሩ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ተለይቶ ወፍራም ግንድን እንደ ጉጠት ለመጨበጥ የሚያስችል ኃይል ነበረው። አካሉ ከዛፍ ዛፍ ለመዝለል ሳይሆን ግንድን አቅፎ ቀስ እያለ ወደ ላይ ለመውጣት የተሠራ ነው።

በዚህም ምክንያት ሳይንቲስቶች በአውስትራሊያ ከሚገኘውና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሚመገበው ኮዋላ ጋር በማነጻጸር “ኮዋላ ሌሙር” የሚል ስም ሰጥተውታል። ሁለቱ እንስሳት ዝምድና የላቸውም፤ የሚያመሳስላቸው የኑሮ ዘይቤያቸው ነው። ሜጋላዳፒስ ግን ከኮዋላ ስድስትና ሰባት እጥፍ የሚከብድ ነበር።

የሰውነት ሚዛንን የሚጠብቁት የውስጥ ጆሮ ቀለበቶች መጠን አንድ እንስሳ ፈጣን ወይም ዘገምተኛ መሆኑን ይጠቁማል። በቅልጥፍና የሚዘሉ እንስሳት ከአካላቸው ጋር ሲነጻጸር ሰፋ ያሉ ቀለበቶች አሏቸው። በጠፉት ሌሙሮች የራስ ቅል ላይ በራጅ መሣሪያ የተደረገው ምርመራም ሜጋላዳፒስ ዘገምተኛ ከሆኑት ወገን መሆኑን አረጋግጧል።

ቅጠል በሊው ግዙፍ

የሜጋላዳፒስ የራስ ቅል ከሌሎቹ ሌሙሮች ሁሉ የተለየ ነው። ርዝመቱ በትልቁ ዝርያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ዓይኖቹ እንደ ጦጣ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ያዘነበሉ፣ የአንጎሉ መያዣ ደግሞ ከፊቱ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

ጎልማሳው እንስሳ በላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርስ አልነበረውም። ይህ በከብትና በበግ ላይ የሚታወቅ ባሕርይ ሲሆን፣ በፕራይሜቶች ዘንድ ግን እንግዳ ነው። የአፍንጫው አጥንት ወደ ፊት ወጣ ብሎ ወደ ታች መቆልመሙም እንስሳው ቅርንጫፍ ለመሳብ የሚያገለግል ተንቀሳቃሽና ጠንካራ የላይ ከንፈር እንደነበረው ያመለክታል። በአንድ ሥፍራ ግንድ አቅፎ ረጅም አንገቱንና ፊቱን በማንቀሳቀስ በዙሪያው ያሉትን ቅጠሎች እየሳበ ይመገብ እንደነበር ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። በዚህ ዘዴ ከባድ አካሉን ብዙ ሳያንቀሳቅስ ምግቡን ማግኘት ችሏል።

የኋላ ጥርሶቹ ትልልቅና ስለታም ጠርዝ ያላቸው ሲሆኑ፣ ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር መጠናቸው ይጨምራል። እንዲህ ያለው ጥርስ ቅጠልን ለመቆራረጥ የተመቸ ነው። በጥርሶቹ ገጽ ላይ የቀሩት ጥቃቅን ጭረቶችም ይህንኑ የሚያጠናክሩ ናቸው።

ከሁሉም አዲስ የሆነው ማስረጃ የተገኘው እ.ኤ.አ በ2021 ነው። በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን 1 ሺህ 500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው የሜጋላዳፒስ ኤድዋርድሲ የመንጋጋ አጥንት የእንስሳውን ዘረ መል በስፋት አንብቦ ውጤቱን ይፋ አድርጓል። የማዳጋስካር ሞቃት አየር ዘረ መልን በፍጥነት የሚያበላሽ በመሆኑ ይህን ያህል መረጃ መገኘቱ በራሱ ትልቅ እርምጃ ተደርጎ ተወስዷል።

ጥናቱ ሁለት ነገሮችን ግልጽ አድርጓል። የመጀመሪያው እንስሳው በጥርሱ ይመስለው ከነበረው ሌላ የሌሙር ወገን ጋር ሳይሆን በእስያና በአፍሪካ የአራዊት ማቆያ ሥፍራዎች ጭምር ከሚታወቀው ቀለበታማ ጅራት ያለው ሌሙር ከሚመደብበት ቤተሰብ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቅጠል ውስጥ የሚገኙ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ከሚያከሽፉና ከአንጀት ምግብ ከሚመጥጡ ዘረ መሎቹ አንዳንዶቹ ቅጠል ከሚመገቡ የእስያ ጦጣዎች ጋር የሚመሳሰል ለውጥ ማሳየታቸው ነው። በዝምድና የተራራቁ እንስሳት አንድ ዓይነት ምግብ በመመገባቸው ምክንያት ወደ ተመሳሳይ መፍትሔ ደርሰዋል ማለት ነው።

ሁሉም ግዙፍ ሌሙሮች ግን አንድ ዓይነት ኑሮ አልነበራቸውም። ፓሌዮፕሮፒቴከስ መንጠቆ በሚመስሉ ረጃጅም ጣቶቹ ከቅርንጫፍ ላይ ተገልብጦ ተንጠልጥሎ የሚኖር ነበር። አርኬኦሌሙር በምድርም በዛፍም የሚንቀሳቀስ፣ ጠንካራ ፍሬ የሚሰብርና የሚገኘውን ሁሉ የሚመገብ ነበር።

ሀድሮፒቴከስ የተባለው ሌላው ዝርያ ደግሞ ኢትዮጵያን ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያገናኝ ነው። ክሊፎርድ ጆሊ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ በ1970 የዚህን እንስሳ ጥርስና መንጋጋ በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች ብቻ ከሚገኘው ሣር በሊ ጭላዳ ጋር በማነጻጸር ተመሳሳይ አኗኗር ሊኖረው እንደሚችል ጽፈው ነበር። ኋላ በጥርሱ ገጽ ላይ የተደረገው ምርመራ ግን ሀድሮፒቴከስ ከሣር ይልቅ ጠንካራ ነገሮችን ይመገብ እንደነበር በማሳየቱ ንጽጽሩ እንዲሻሻል አድርጓል።

ቀስ ብሎ መራባት

ለግዙፎቹ ሌሙሮች ዕጣ ወሳኝ የነበረው ከምግባቸው ባልተናነሰ የመራቢያ ፍጥነታቸው ነው። ጥርስ በሚሠራበት ጊዜ እንደ ዛፍ ቀለበት ያሉ የዕለት ተዕለት የዕድገት መስመሮችን በውስጡ ያስቀራል። እነዚህን መስመሮች በአጉሊ መነጽር በመቁጠር የእንስሳውን የዕድገት ፍጥነት ማወቅ ይቻላል። በሜጋላዳፒስ ላይ በተደረገው በዚህ ዓይነቱ ጥናት የኋላ ጥርሶቹ አንዳንዳቸው ለመሠራት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ እንደፈጁ ታውቋል።

ትልቅ አካል፣ አነስተኛ ጉልበት የሚሰጥ የቅጠል ምግብና አዝጋሚ ዕድገት በአንድ ላይ ሲገኙ እንስሳው በረጅም ጊዜ ልዩነት ጥቂት ግልገሎችን ብቻ የሚወልድ እንደሚሆን የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ይገልጻሉ። እንዲህ ያለው እንስሳ አዳኝ በማይበዛበትና ደኑ በማይለወጥበት ሁኔታ ለሚሊዮኖች ዓመታት ሊኖር ይችላል። በየዓመቱ ከተለመደው ጥቂት በላይ ቢሞቱበት ግን የጎደለውን ለመተካት አቅም የለውም።

ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በአንድ ደን 1 ሺህ እንስሳት ቢኖሩና ቁጥራቸው በየዓመቱ በአንድ በመቶ ብቻ ቢቀንስ፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚጎድሉት 10 ናቸው። ከ30 ዓመት በኋላ 740፣ ከ100 ዓመት በኋላ 366፣ ከ300 ዓመት በኋላ 49፣ ከ500 ዓመት በኋላ ደግሞ ሰባት ያህል ብቻ ይቀራሉ። በደኑ አቅራቢያ የሚኖር ሰው በመላው የሥራ ዘመኑ የሚያየው ልዩነት እጅግ የጎላ አይሆንም። ልጁም የሚነሳው አባቱ ከጀመረበት ሳይሆን አባቱ ከተወለት ቁጥር ነው።

ደኑ፣ እሳቱና ሰው

ማዳጋስካር የሰው ልጅ ዘግይቶ በቋሚነት ከሰፈረባቸው ታላላቅ የዓለም ሥፍራዎች አንዷ ናት። በቋሚነት የሰፈሩት ሕዝቦች ከአንድ ወገን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች፣ ከሌላው ወገን ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ናቸው። የማላጋሲ ቋንቋ የቅርብ ዘመዶች ዛሬ የሚነገሩት በቦርኒዮ ደሴት መሆኑም ለዚህ ማስረጃ ነው። የቀንድ ከብት እርባታ ደግሞ ከአፍሪካ ጋር በነበረው ግንኙነት ገብቷል።

ሰውና ግዙፍ ሌሙሮች በአንድ ደሴት ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት አብረው መኖራቸውን ማስረጃዎች ያሳያሉ። በደቡብ ምዕራብ ከታኦላምቢቢ እ.ኤ.አ በ1911 ተሰብስበው በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የተቀመጡ የፓሌዮፕሮፒቴከስ አጥንቶች ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ሲጠበቁ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ በ2005 በወጣ ጥናት ቆዳ በመግፈፍና ሥጋ በመበለት ጊዜ የሚፈጠሩ የስለት ምልክቶች እንዳሉባቸው ተረጋግጧል። እንስሳቱ ለምግብነት ይታደኑ እንደነበር ይህ ቀጥተኛ ማረጋገጫ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ በሐይቆችና በረግረጎች ደለል ውስጥ የሚገኝ ነው። በትልልቅ እንስሳት እበት ላይ የሚበቅል የሻጋታ ዓይነት ዘር በደለሉ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ዴቪድ በርኒና የሥራ ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ጥናት ይህ ዘር ከ1 ሺህ 700 ዓመት ገደማ በፊት በከፍተኛ ደረጃ መቀነሱን፣ ከዚያ በኋላም የከሰል ቅንጣቶች መብዛታቸውን አመልክተዋል። ይህም የትልልቆቹ እንስሳት ቁጥር ከተመናመነ በኋላ የእሳት ቃጠሎ መስፋፋቱን የሚያሳይ ነው። ሣሩንና ቁጥቋጦውን የሚበሉት ሲጠፉ የሚቃጠለው ይበዛልና።

ሦስተኛው ማስረጃ የተገኘው በሰሜን ምዕራብ ከሚገኘው የአንጆሂቤ ዋሻ ነው። በዋሻው ውስጥ በውኃ ጠብታ ለዘመናት የተገነቡ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች የዝናቡንና የዕፅዋቱን ታሪክ በንብርብሮቻቸው ይዘዋል። እ.ኤ.አ በ2016 ይፋ በሆነው ጥናት መሠረት በ890 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የነበረው ደናማ መሬት በአንድ መቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ ሣር ተለውጧል። በዚያው ጊዜ ግን የዝናቡ መጠን የጎላ ለውጥ አላሳየም። በመሆኑም ተመራማሪዎቹ ለውጡን ለከብት ግጦሽ በሚለቀቅ እሳት አስረድተውታል።

በሌሎች የደሴቲቱ ክፍሎች በተለይም በደረቃማው ደቡብ ምዕራብ የአየር ንብረት መድረቅ የራሱን ድርሻ እንዳበረከተ የሚያስረዱ ጥናቶችም አሉ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚስማሙበት ነጥብ አንድ ብቻውን የቆመ መንስኤ አለመኖሩን ነው። አደን ቁጥራቸውን ቀነሰ፤ እሳትና ግጦሽ መኖሪያቸውን ቆራረጠ፤ ድርቅ በቀረው ላይ ጫና ጨመረ። ለፈጣን ተራቢ እንስሳ እያንዳንዱ ጫና የሚቋቋመው ሊሆን ሲችል፣ ለዘገምተኛው ሜጋላዳፒስ ግን የሁሉም ድምር ከአቅም በላይ ሆነ።

ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ቀድመው መጥፋታቸውም ከዚህ የሚመነጭ ነው። ከጠፉት 17 ዝርያዎች መካከል ሁሉም ማለት ይቻላል ዛሬ በሕይወት ካሉት የሚበልጡ ነበሩ። በካርቦን ዘዴ የተለኩት የመጨረሻዎቹ የሜጋላዳፒስ አጥንቶች በደቡብ ምዕራብ ከአንኪሊቴሎ ጥልቅ ዋሻ የተገኙ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እስከ 15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቅ ነው።

እ.ኤ.አ ከ1648 እስከ 1655 በደቡብ ምሥራቅ የፈረንሣይ ሠፈር አስተዳዳሪ የነበረው ኤቲየን ደ ፍላኩር እ.ኤ.አ በ1658 ባሳተመው የማዳጋስካር ታሪክ ውስጥ የአገሬው ሰዎች “ትሬትሬትሬትሬ” ብለው ስለሚጠሩት እንስሳ መዝግቧል። የጥጃ ያህል መጠን ያለው፣ ፊቱ ሰው የሚመስል፣ ብቻውን የሚኖርና ከሰው የሚሸሽ መሆኑን የሚያትተው ይህ ዘገባ የመጨረሻዎቹን ግዙፍ ሌሙሮች የሚመለከት እንደሆነ በርካታ ተመራማሪዎች ያምናሉ። አንዳንዶቹ ከሜጋላዳፒስ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከፓሌዮፕሮፒቴከስ ጋር ያያይዙታል።

ከመጥፋታቸው በኋላ የቀረው ክፍተት

ግዙፎቹ ሌሙሮች ሲጠፉ የጎደለው የእንስሳቱ ቁጥር ብቻ አልነበረም። በሞቃታማ ደኖች ብዙ ዛፎች ዘራቸውን የሚያሰራጩት ፍሬያቸውን በሚበሉ እንስሳት አማካይነት ነው። እንስሳው ፍሬውን ከነዘሩ ውጦ ከእናት ዛፉ ርቆ በእበቱ ይጥለዋል። ዘሩ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሊውጠው የሚችለው ትልቅ ጉሮሮ ያለው እንስሳ ብቻ ነው።

በማዳጋስካር ደኖች ውስጥ ዛሬ ካሉት እንስሳት አንዳቸውም ሊውጡት የማይችሉት ትልልቅ ዘር ያላቸው ዛፎች እንደሚገኙ እ.ኤ.አ በ2016 የታተመ ጥናት አመልክቷል። እነዚህን ዘሮች ያሰራጩ የነበሩት ፓኪሌሙርን የመሳሰሉት የጠፉ ፍሬ በሊ ሌሙሮች ነበሩ። ዛፎቹ ረጅም ዕድሜ ያላቸው በመሆናቸው ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ፍሬያቸው ግን ከሥራቸው ወድቆ ይቀራል። የአንድ እንስሳ መጥፋት ያስከተለው ጉዳት ከመቶ ዓመታት በኋላም ገና ተሠርቶ አላበቃም ማለት ነው።

ይኸው ሥጋት በአሁኖቹ ሌሙሮች ላይም ተደቅኗል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2020 ባወጣው መግለጫ ከ107 የሌሙር ዝርያዎች 103ቱ የመጥፋት አደጋ እንደተጋረጠባቸው፣ ከእነዚህም 33ቱ እጅግ አስጊ በሆነ ደረጃ ላይ እንደሚገኙ አስታውቋል። መንስኤ ተብለው የተጠቀሱት የደን ምንጣሮና አደን ናቸው። በሌላ ጥናትም ደሴቲቱ እ.ኤ.አ ከ1953 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ውስጥ ከተፈጥሮ ደኗ 44 በመቶ ያህሉን ማጣቷ ተረጋግጧል።

የማዳጋስካር መንግሥት ችግሩን ለመግታት እርምጃ ሳይወስድ አልቀረም። እ.ኤ.አ በ2003 በደቡብ አፍሪካ ደርባን በተካሄደው የዓለም ፓርኮች ጉባኤ ላይ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ማርክ ራቫሎማናና የአገሪቱን ጥብቅ ሥፍራዎች ከ1 ነጥብ 7 ሚሊዮን ሄክታር ወደ 6 ሚሊዮን ሄክታር ለማሳደግ ቃል ገብተዋል። በዚህም መሠረት አዳዲስ ጥብቅ ሥፍራዎች ተከልለዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ በ2009 የተከሰተው የፖለቲካ ቀውስ የቁጥጥር ሥራውን በማዳከሙ፣ በሰሜን ምሥራቅ የሚገኙት የማሶአላና የማሮጄጂ ብሔራዊ ፓርኮች ሳይቀሩ ሮዝውድ የተባለውን ውድ እንጨት በሚቆርጡ ሕገ ወጦች ተወረዋል። ካርታ ላይ የሰፈረ ወሰን በመሬት ላይ የሚጠብቀው ከሌለ ፋይዳው ውስን መሆኑን ሁኔታው አመላክቷል።

በአንጻሩ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የነበረ ጥበቃም አለ። በምሥራቃዊው ደን አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ማኅበረሰቦች ኢንድሪን “ባባኮቶ” ብለው በመጥራት ከአያቶቻቸው ጋር ያቆራኙታል። እርሱን መግደልና መብላትም “ፋዲ” በሚባለው ባህላዊ ክልከላ የተወገዘ ነው። ትልቁ የአሁን ዘመን ሌሙር እስከዛሬ ለመዝለቁ ይህ ባህል የራሱን አስተዋጽኦ እንዳበረከተ ይታመናል። ከሌላ ሥፍራ የሚመጡ ሠፋሪዎች በሚበዙባቸውና ኑሮ በተወደደባቸው አንዳንድ አካባቢዎች ግን ክልከላው እየላላ መምጣቱን ጥናቶች ጠቁመዋል።

ኢንድሪ እንደ ሜጋላዳፒስ ሁሉ በአብዛኛው ቅጠል የሚመገብና ሴቷ በሁለትና በሦስት ዓመት አንድ ግልገል ብቻ የምትወልድ እንስሳ ነው። ከደኑ ውጪ በአራዊት ማቆያ ሥፍራ እንዲኖር ለማድረግ የተደረጉት ሙከራዎችም አልተሳኩም። በመሆኑም ደኑ ከጠፋ በሌላ ሥፍራ በመጠባበቂያነት የሚቆይ የኢንድሪ ዘር አይኖርም።

ሜጋላዳፒስን ያጠፉት ሰዎች እንስሳው እየጠፋ መሆኑን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። የቀደመውን ቁጥር የመዘገበ፣ የየዓመቱን ጉድለት ያሰላም አልነበረም። ዛሬ ግን ደኑ ከሳተላይት ይለካል፤ የእንስሳቱ ቁጥርና የመራቢያ ፍጥነትም በጥናት ይታወቃል። የኢንድሪና የሌሎቹ ሌሙሮች ዕጣ የሚወሰነው ይህ መረጃ ለመሬት አጠቃቀም ውሳኔ በወቅቱ በመዋሉና የተከለለው ደን በየዓመቱ ያለማቋረጥ በመጠበቁ እንደሚሆን የዘርፉ ባለሙያዎች ያሳስባሉ።